የግሎስተር ኢ.1/44 ፎቶግራፎች፦ የቲኤክስ 148 ጅራት በግልጽ የሚታይበት ምስል የት ይገኛል?

ዳዊት፦

ጤና ይስጥልኝ። ግሎስተር ኢ.1/44 ስለሚባለው፣ በረራ ከጀመረ በኋላ ወደ ምርት ሳይገባ ስለተሰረዘው የእንግሊዝ ተዋጊ ጄት ፎቶግራፎች የሚያውቅ ሰው ካለ ምክሩን እንዲለግሰኝ እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውሮፕላኑን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጸው። የግሎስተር ኩባንያ ሥራ የሆነው ሜቲዮር ባለ ሁለት ሞተር የሆነው፣ በጊዜው የነበሩት የጄት ሞተሮች አንድን ተዋጊ ለብቻቸው ለማብረር ጉልበት ስላነሳቸው ነው። ኩባንያው ግን ጎን ለጎን በኢ.5/42 መስፈርት የባለ አንድ ሞተር ንድፍ ጀምሮ ነበር፤ ይህም በኋላ በኢ.1/44 መስፈርት ተሻሽሎ 5,000 ፓውንድ ገደማ ግፊት የሚሰጠው የሮልስ ሮይስ ኔን ሞተር ተመደበለት፤ አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች እንዲታጠቅም ታቀደ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ የመለያ ቁጥሩ ኤስኤም 809 የሆነው፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በጁላይ 1947 የመንግሥት የአውሮፕላን መሞከሪያ ወደነበረው ቦስኮምብ ዳውን በመኪና ተጭኖ ሲሄድ መንገድ ላይ አደጋ ደረሰበትና ሳይበር ከጥቅም ውጭ ሆነ። በእርሱ ምትክ ቲኤክስ 145 ማርች 9 ቀን 1948 በሙከራ አብራሪው በቢል ዋተርተን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። ቲኤክስ 148 በ1949 ተከተለ፤ ቲኤክስ 150 ደግሞ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በዚህ መካከል ሜቲዮር ራሱ በጣም እየተሻሻለ ስለሄደ አዲሱ አውሮፕላን ከእርሱ የሚበልጥበት ነገር አልተገኘም፤ ፕሮጀክቱም ተዘጋ። ከተሠሩት ውስጥ ዛሬ በየትኛውም ሙዚየም የቆመ አንድም የለም፤ ስለዚህ ቅርጹን ለማወቅ የሚቀረን ፎቶግራፍና ሥዕላዊ ንድፍ ብቻ ነው።

እኔ የምሠራው በ1/48 ልኬት የቲኤክስ 148ን ሞዴል ነው። ዝግጁ ሆኖ የሚሸጥ ስላላገኘሁ አካሉን ከእንጨት፣ ክንፉንና ጅራቱን ከፕላስቲክ ሉህ እየቆረጥሁ ነው የምሠራው። ክንፉ ላይ ብዙም አልተቸገርሁም፤ ያስቸገረኝ ጅራቱ ነው። የቲኤክስ 148 አግድም የጅራት ክንፍ ከቲኤክስ 145 ከፍ ብሎ የተተከለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በኢንተርኔት የማገኛቸው ምስሎች ትንንሽና የደበዘዙ ከመሆናቸውም በላይ፣ አንዱና ያው ምስል በአንድ ቦታ ቲኤክስ 145 ተብሎ፣ በሌላ ቦታ ቲኤክስ 148 ተብሎ ተጽፎበት ይገኛል። አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ሌላ አውሮፕላን ይመስሉኛል።

እንግዲህ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ዋናዎቹ ፎቶግራፎች በማን እጅ ይገኛሉ? አንድ ምስል በእርግጥ የዚህ አውሮፕላን መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ባገኘውስ ከሥራዬ ታሪክ ጋር አያይዤ ለማሳተም የማን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ሰሎሜ ከለንደን፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ወንድም ዳዊት። እንዲህ ያለ የተሰረዘ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ሲፈለግ የአውሮፕላኑን ስም ብቻ ይዞ ከመዞር ይልቅ አውሮፕላኑ ያለፈባቸውን እጆች ተራ በተራ መከተል ይሻላል። በየደረሰበት ቦታ ሁሉ የየራሱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ የእያንዳንዱ ቦታ መዝገብም ድርጅቱ ሲፈርስ ወይም ሲዋሐድ ወደተለያየ ስፍራ ሄዷል። ኢ.1/44 አራት እጅ አልፏል፦ የሠራው ግሎስተር፣ መጀመሪያ የበረረበት ቦስኮምብ ዳውን፣ እስከ 1951 ድረስ ለልዩ ልዩ ጥናት ያበረረው በፋርንቦሮ የሚገኘው የንጉሣዊው አውሮፕላን ምርምር ተቋም፣ በመጨረሻም የጦር መሣሪያ መፈተኛ ዒላማ ሆኖ የተላከበት በኤሴክስ ጠረፍ ያለው ሹበሪነስ።

ከግሎስተር ልጀምር። ኩባንያው የሆከር ሲድሊ ቡድን አባል ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሌሎች የቡድኑ ኩባንያዎች ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ፤ የሆከር ሲድሊ የአውሮፕላን ሥራም በ1977 ወደ ብሪቲሽ ኤሮስፔስ፣ ከዚያም በ1999 ወደ ቢኤኢ ሲስተምስ ተላለፈ። ስለዚህ የኩባንያው ወረቀት ሕጋዊ ወራሽ ቢኤኢ ሲስተምስ ነው፤ የቀድሞ ኩባንያዎቹን ታሪክ የሚጠብቅ የቅርስ ክፍልም አለው። ከዚህ ሌላ በግሎስተርሻየር አየር ማረፊያ አጠገብ ስቴቨርተን ላይ ያለው የጄት ኤጅ ሙዚየም የግሎስተርን ታሪክ በልዩ ትኩረት የሚሰበስብ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሙዚየም ነው። በፋብሪካው ውስጥና በሞርተን ቫለንስ አየር ማረፊያ የተነሡ ምስሎችን መጀመሪያ የምጠይቀው እነርሱን ነው። በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ መልሳቸው ሊዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን ጥያቄው በደንብ ከተብራራ፣ ማለትም የመለያ ቁጥሩ፣ የሚፈለገው አቅጣጫና ምክንያቱ ከተጻፈላቸው፣ ነገሩን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

ቦስኮምብ ዳውንና ፋርንቦሮ የመንግሥት ስለነበሩ ሪፖርቶቻቸው በብዛት በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገብተዋል። አቪያ 18 በሚል መደብ የቦስኮምብ ዳውን ሪፖርቶች፣ አቪያ 6 በሚል መደብ ደግሞ የፋርንቦሮ ሪፖርቶች ይገኛሉ። ብዙ ሰው እነዚህን መደቦች የሚያልፋቸው ርዕሳቸው ስለ ፎቶግራፍ ምንም ስለማይናገር ነው። የዚያ ዘመን የሙከራ ሪፖርት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጽሑፉ በኋላ የተለጠፉ ፎቶግራፎች አሉት፤ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ ቆሞ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ገደም ብሎ የተነሣባቸው፣ ለሞዴል ሠሪ ከዚህ የተሻለ ሊገኝ የማይችል ምስሎች ናቸው። ለማስታወቂያ የተነሣ ፎቶግራፍ አውሮፕላኑን ለማሳመር ሲባል ከታች ወደ ላይ፣ ወይም ከደመና ጋር ይነሣል፤ የሙከራ መኮንን ያስነሣው ግን ቅርጹን ለመመዝገብ ብቻ ስለሆነ ምንም አይደብቅም።

ካታሎጉን ከአዲስ አበባ ሆነው በነፃ መፈለግ ይችላሉ። ሲፈልጉ ኢ.1/44 የሚለውን ከነነጥቡም ያለ ነጥቡም፣ ጂ.ኤ.2 የሚለውን የኩባንያውን የንድፍ መለያ፣ የሞተሩን ስም ኔንን፣ እንዲሁም የመለያ ቁጥሮቹን ለየብቻ ይሞክሩ። ኤስ (Ace) የሚለው የአውሮፕላኑ ስም በአንዳንድ ጽሑፎች ቢጠቀስም በይፋ የጸደቀ ስላልነበረ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ አይመኩበት። ፋርንቦሮ ላይ አውሮፕላኖቹ የመሪ ክፍሎችንና በማረፊያ ጊዜ ፍጥነት የሚቀንሰውን የፍሬን ፓራሹት ለማጥናት ስላገለገሉ፣ በነዚህ የጥናት ርዕሶችም ይፈልጉ፤ የአውሮፕላኑ ስም በርዕሱ ላይ ባይኖር እንኳ ምስሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የፍሬን ፓራሹት ጥናት ደግሞ ካሜራው በቀጥታ ጅራቱ ላይ የሚያተኩርበት ሥራ ነው።

በአካል የሚሄድ ሰው ካገኙ የአንባቢ መታወቂያ አውጥቶ ሰነዱን በራሱ ካሜራ ያለ ፍላሽ በነፃ ማንሣት ይችላል። ሰው ከሌለዎት ቤተ መዛግብቱ በክፍያ ቅጂ ይልካል። በፋርንቦሮ ከተማ ደግሞ የቀድሞውን የምርምር ተቋም ቅርስ የሚጠብቅ ፋስት የተባለ የበጎ አድራጎት ሙዚየም አለ፤ የተቋሙን የፎቶግራፍ ስብስብ በተመለከተ እነርሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በሄንደን ያለው የንጉሣዊው አየር ኃይል ሙዚየምም ሰፊ የፎቶግራፍ ክምችት አለው።

ስለ ሹበሪነስ ብዙ ተስፋ አይጣሉ። እዚያ የሄደ አውሮፕላን የሚተኮስበት ብረት ነበር፤ ፎቶ ከተነሣም የተበሳሳውን ቦታ ለማሳየት ነው።

ታደሰ ዘቢሾፍቱ፦

ልጄ ዳዊት፣ ሥራህ ደስ ይላል። እኔ ዕድሜዬን የአውሮፕላን አካል ቆርቆሮ ስጠግንና ስቀጠቅጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ስለ መዛግብቱ እህታችን ሰሎሜ ከበቂ በላይ ስለነገረችህ እኔ ምስሉን ስለማጣራት ልናገር።

መጀመሪያ የማይሆነውን አስወግድ። ኤስኤም 809 አልበረረም፤ ስለዚህ ኤስኤም 809 በአየር ላይ የሚል መግለጫ ያለው ምስል ቢያንስ መግለጫው ሐሰት ነው። የዚያ አውሮፕላን ትክክለኛ ምስል ሊሆን የሚችለው ከጁላይ 1947 በፊት በመሬት ላይ የተነሣ ወይም የአደጋው ነው። ቲኤክስ 148 ደግሞ የበረረው በ1949 ስለሆነ፣ በ1948 በረራ ላይ እንዳለ የሚናገር መግለጫ የቲኤክስ 145 ምስል ከመሆን አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ከሚመሳሰሉት ለየው። ዋናው አደናጋሪ ሱፐርማሪን አታከር ነው። የእርሱ መስፈርት ኢ.10/44 ስለሆነ ፍለጋ ላይ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ ሞተሩም ያው ኔን ነው፤ የአየር ማስገቢያውም በአካሉ ግራና ቀኝ ነው። መሬት ላይ የቆመ ከሆነ ግን አንድ እይታ ይበቃል፦ አታከር የጅራት ጎማ ስላለው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይቆማል፤ ኢ.1/44 የአፍንጫ ጎማ ስላለው ሆዱ ከመሬት ጋር ትይዩ ነው። በአየር ላይ ሆኖ ጎማው የተሰበሰበ ከሆነ የመለያ ቁጥሩን ሳታነብ አትወስን። ሌላው ኢ.28/39 ነው፤ በ1941 የበረረው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ጄት፣ የዚያው የግሎስተር ሥራ፤ እርሱ ትንሽ ከመሆኑም በላይ አየሩን የሚያስገባው በአፍንጫው ስለሆነ አያሳስትህም።

ሦስተኛው፣ ያንተ ዋና ጉዳይ፣ ሁለቱን እኅትማማቾች መለየት ነው። ቲኤክስ 145 በበረራ ላይ አያያዙ ጥሩ ስላልነበረ ለቲኤክስ 148 አዲስ ጅራት ተነደፈለት፤ አግድሙ ክንፍ በቆመው ጅራት ላይ ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ ከጎን ወይም ከኋላ የተነሣ ምስል ካገኘህ፣ አግድሙ ክንፍ ከአካሉ ጀርባ ምን ያህል እንደራቀ ብቻ ተመልከት። ከፊት በቀጥታ የተነሣ ምስል ላይ ግን ይህን አትመን፤ ካሜራው ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ቁጥር አግድሙ ክንፍ የተነሣ ወይም የወረደ ይመስላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። የዚያ ዘመን የኩባንያና የጋዜጣ ፎቶግራፎች ብዙ ጊዜ በእጅ የተነካኩ ናቸው። ከበስተጀርባ ያለውን ሃንጋርና ሰው ለማጥፋት ሠዓሊው በቀለም መርጫ የአውሮፕላኑን ዳር ተከትሎ ይቀባል፤ ሲቀባ ደግሞ ቀጭን ነገር ሁሉ ይበላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ዳሩ ከሚገባው በላይ ስለት ይሆናል፤ ከጎማው ሥር ያለው ጥላ ይጠፋል ወይም ከፀሐዩ አቅጣጫ ጋር አይስማማም፤ የሬዲዮ ሽቦና የፍጥነት መለኪያ ቱቦ ይጠፋሉ። እንዲህ ካለው ምስል ላይ የጅራትን ጠርዝ ቅርጽ ለመውሰድ አትሞክር፤ የምትገለብጠው የሠዓሊውን ብሩሽ እንጂ የግሎስተርን ብረት አይደለም።

ያሬድ፦

ስለ መብቱ ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የምናገረው ስለ እንግሊዝ ሕግ ነው።

ዋናው ጥያቄ ፎቶግራፉን ያነሣው ማን ነው የሚለው ነው። በመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሆኖ የተነሣና ከጁን 1 ቀን 1957 በፊት የሆነ ፎቶግራፍ የዘውድ መብት ይባላል፤ ጥበቃውም ከተነሣበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 50 ዓመት ነው። በቦስኮምብ ዳውን ወይም በፋርንቦሮ በ1948 እና በ1949 የተነሡት በዚህ ስሌት መብታቸው ካለቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። የግሎስተር ኩባንያ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣው ግን ሌላ ነው፤ አንሺው በስም የሚታወቅ ከሆነ ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል። የግሎስተርን ሜቲዮርና ጃቭሊን በአየር ላይ በማንሣት ስሙ የተጠራው ራስል አዳምስ የዚህ ዓይነት ምሳሌ ነው፤ የእርሱ ሥራ የሆነ ምስል ካገኙ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።

እንግዲህ ምስሉ የማን እንደሆነ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ፊቱ ሳይሆን ጀርባው ነው። ከወረቀት ኅትመት ጀርባ የድርጅቱ ማኅተም፣ የኔጋቲቭ ቁጥር፣ አንዳንዴም ቀንና በእርሳስ የተጻፈ የመለያ ቁጥር ይገኛል። ስለዚህ ከማንኛውም ሙዚየም ቅጂ ሲያዝዙ ጀርባውም ስካን ተደርጎ እንዲላክ ይጠይቁ። ይህ ለመብት ብቻ ሳይሆን ጋሽ ታደሰ ለተናገሩት ማጣራትም ይረዳል፤ በኢንተርኔት የሚዞሩት መግለጫዎች የተሳሳቱት ጀርባውን ያላየ ሰው ስለጻፋቸው ይመስለኛል።

በመጨረሻ፣ መብቱ ያለቀ ፎቶግራፍ ስካን በመደረጉ ብቻ አዲስ መብት አያገኝም የሚለውን አመለካከት በ2023 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ አጠናክሮታል። ይሁንና ቅጂውን ሲገዙ የሚፈርሙት ውል የራሱ ግዴታ ሊኖረው ስለሚችል ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ሙዚየሙን በምስጋና መጥቀስም ከሕግ በላይ የጨዋነት ጉዳይ ነው።

ዳዊት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በምክራችሁ መሠረት ያሉኝን ምስሎች ከመጀመሪያው ጀምሬ እየለየሁ ነው፤ ጋሽ ታደሰ እንዳሉት ከመካከላቸው አንዱ በጅራቱ ጎማ አታከር ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። የቲኤክስ 148 ጅራት ንድፍ በኋላ ለሜቲዮር ኤፍ 8 እንደዋለ በብዙ ቦታ ይጻፋል። ኤፍ 8 ደግሞ በየሙዚየሙ ስላለ በሚገባ የተለካ ነው። እንግዲያው በቂ ምስል ባላገኝ የሜቲዮር ኤፍ 8ን ጅራት አሳንሼ መውሰድ እችላለሁ?

ታደሰ ዘቢሾፍቱ፦

ለማመሳከሪያ ይጠቅምሃል፤ እንዳለ ለመገልበጥ ግን አልመክርህም። የሜቲዮር ኤፍ 8 ጅራት ከኢ.1/44 የመነጨ ነው፤ ግን የተገጠመው በሌላ አካል ላይ ነው። ሜቲዮር ሞተሮቹ በክንፎቹ ላይ ስለሆኑ የኋላ አካሉ ባዶና ሹል ነው፤ ኢ.1/44 ሞተሩ አካሉ ውስጥ ስለሆነ የጭስ ማውጫው በጅራቱ ሥር ያልፋል። ስለዚህ የጅራቱ ሥር ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ፣ ማለትም ቆርቆሮው ከቆመው ጅራት ወደ ጀርባው የሚታጠፍበት መስመር፣ በሁለቱ አንድ ሊሆን አይችልም። ከአግድሙ ክንፍ በላይ ያለውን ቅርጽ ከሜቲዮሩ ጋር አስተያይ፤ ከበታቹ ያለውን ግን ከራሱ ከኢ.1/44 ፎቶግራፍ ውጭ ከየትም አትውሰድ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ኢ.1/44 ርዝመቱ 11.58 ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 10.97 ሜትር ነው፤ በ1/48 ሲሆን ርዝመቱ 24.1፣ ስፋቱ 22.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በቀጥታ ከጎን የተነሣ ምስል ስታገኝ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ያለው 24.1 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን አሳድገህ አሳትመው፤ ከዚያ የጅራቱን ከፍታ በማስመሪያ ለካ። ካሜራው ቅርብ ከነበረ የመሐሉ አካል ከጫፎቹ የሰፋ መስሎ ስለሚወጣ፣ ልኬቱን ከሩቅ በተነሣ ሌላ ምስል ላይ ደግመህ አረጋግጥ። ሁለቱ ከተስማሙ ቁረጥ፤ ካልተስማሙ የሩቁን እመን።

ሰሎሜ ከለንደን፦

ጋሽ ታደሰ የተናገሩትን ስሰማ የምትፈልጉት ምስል ይበልጥ ጠበበልኝ፤ በቀጥታ ከጎን፣ ከሩቅ፣ ያልተቀባ፣ የቲኤክስ 148። ወንድም ዳዊት፣ ደብዳቤውን ለጄት ኤጅ ሙዚየምና ለፋስት ሲጽፉ ይህንኑ በዚሁ ቃል ይጻፉ፤ “ያላችሁን ሁሉ” ብሎ ከመጠየቅ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን የኪውን ካታሎግ ይፈልጉ፤ አንድ ሳንቲም ስለማያስወጣዎትና ሪፖርት ካገኙ ቁጥሩን ጠቅሰው ለሙዚየሞቹ መጻፍ ስለሚችሉ ነው። የአቪያ 6 ወይም የአቪያ 18 ቁጥር ካገኙ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ በኪው አቅራቢያ ስለምኖር ሰነዱን አስወጥቼ በውስጡ ያሉትን ገጾች በሙሉ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።